ጨው፣ በረዶና አንድ ጣሳ ሰም

በ1935 መገባደጃ ላይ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኸርበርት ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ባለፋብሪካ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ካለችው የራሲን ከተማ ተነሥቶ ወደ ብራዚል በረረ። የተሳፈረባት ሲኮርስኪ ኤስ-38 ውሃ ላይም መሬት ላይም የምታርፍ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበረች፤ ስሟንም «ካርናውባ» ብሏታል። አያቱ በ1886 የጀመሩት ድርጅት መጀመሪያ የሚሸጠው የእንጨት ወለል ነበር። ደንበኞች «ይህን ወለል በምን እንወልውለው?» እያሉ ሲጠይቁ ድርጅቱ ሰም መቀመም ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ሰሙ ወለሉን በልጦ ዋናው እንጀራ ሆነ። የዚያ ሰም ዋና ግብአት ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሚመጣ የዘንባባ ሰም ነው። ጆንሰን የሄደው ዛፉን በዓይኑ ለማየትና አቅርቦቱ የሚዘልቅ መሆኑን ለማጣራት ነበር።

ዛፉ ካርናውባ ይባላል። በሴአራ፣ በፒያዊና በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ግዛቶች ይበቅላል፤ የሴአራ ግዛት ዓርማ ላይ ሳይቀር ሥዕሉ አለ። ለወራት ዝናብ ጠብ በማይልበት በዚያ አገር ዛፉ ቅጠሉን በስስ ሰም ይሸፍንና ውስጡ ያለችው እርጥበት እንዳትተን ያደርጋል። አጫጆች ጫፉ ላይ ቆልማማ ስለት የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዘው ከሥር ሆነው ቅጠሉን ይቆርጡታል። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ሰሙ እየተሰነጣጠቀ ዱቄት ይሆናል፣ ቅጠሉ ሲደበደብም ይራገፋል። ዱቄቱ ቀልጦና ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ጥፍር የማይጭረው ቁራጭ ይወጣዋል። ገና ካልተዘረጋው ለጋ ቅጠል የሚገኘው ቢጫው አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከበሰለው ቅጠል የሚገኘው ጠቆር ያለው ደግሞ ዝቅ ይላል። አጨዳው ዛሬም በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። የብራዚል የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ከባርነት በማይተናነስ ሁኔታ የሚሠሩ ሰዎችን ከእነዚህ ማሳዎች ያወጡባቸው ጊዜያት አሉ። ጣሳው ላይ ያለው የዘንባባ ሥዕል ይህን አይናገርም።

እንግዲህ ውሃ እንዳይወጣ ተብሎ የተፈጠረውን ሽፋን ነው ሰሜን አሜሪካ ወስዶ ውሃ እንዳይገባ የተጠቀመበት። ከዚያ በፊት የሠረገላ ባለሙያዎች እንጨትና ቆዳ የሚወለውሉት በንብ ሰም ነበር። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ የንብ ሰም አምራች ናት፤ ጧፍ ይዞ ቅዳሴ የቆመ ሁሉም እንደሚያውቀው የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል። የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው፤ ቀትር ፀሐይ የመታው ጥቁር ኮፈን ከዚያ ብዙም አይርቅም። ካርናውባ ግን ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል። ይኸው ጥንካሬው ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ብቻውን በጨርቅ አይቀባም፤ በማሟሚያና በዘይት፣ አንዳንዴም በሌላ ለስላሳ ሰም መላላት አለበት። ጣሳው ላይ «መቶ በመቶ ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው፣ ከገባው ሰም ውስጥ ሌላ ዓይነት አልተቀላቀለበትም ማለት እንደሆነ ይረዳ። ጣሳው ሙሉ በሙሉ ካርናውባ ቢሆን ኖሮ መኪናውን ለመቀባት መዶሻ ያስፈልግ ነበር።

የቅዳሜ ሥራ

ዛሬ ሱቅ ገብተን «ለበረዶ ወራት የሚሆን፣ የሚያብረቀርቅም፣ የሚቆይም ዋክስ» ብለን ስንጠይቅ ሦስት የተለያዩ ዘመናት የፈጠሯቸውን ሦስት ፍላጎቶች በአንድ ትንፋሽ እየጠራን ነው። ማብረቅረቁ የቀለም ታሪክ ነው። መቆየቱ የኬሚስትሪ ነው። በረዶው ደግሞ የጨው ታሪክ ነው፤ እሱ ሁለቱ ከመጡ ከብዙ ጊዜ በኋላ የገባ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚቀቡት እንደ ሠረገላ ነበር። ቫርኒሹ በብሩሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይፈተጋል፣ እንደገና ይቀባል፤ የአንድ መኪና ቀለም ሳምንታት ይፈጃል። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ የሸጠው ለዚህ ነው፤ በምድጃ የሚጋገረው ጥቁር ኢናሜል ርካሽ፣ ጽኑና ለችኮላ የሚመች ነበር። በ1923 ዱፖንና ጀነራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ላከር ይዘው ብቅ አሉ። ዱኮ በመርጫ ይረጫል፣ በሰዓታት ይደርቃል፣ ሰማያዊም አረንጓዴም ይሆናል። ለ1924 የወጣችው ሰማያዊ ኦክላንድ መኪና በር ከፋች ሆነች።

ዱኮ ግን ጣጣ ነበረው። ፀሐይ ሲደጋግመው ሙጫው ይሰባበርና የቀለሙ ዱቄት ላዩ ላይ ይቀራል፤ መኪናው ይፈዛል፣ ጣት ሲነካውም ያቀልማል። ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖሊሽና ጨርቅ ይዞ ይወጣል። ሲፈትገው ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ መኪናው ቀይ ከሆነ ጨርቁም ቀይ ነው። የሞተው ሽፋን ሲነሣ ከሥሩ ብሩህ ቀለም ይወጣል፤ ያ ብሩህ ቀለም ከፀሐይና ከአየር እንዲከለል ደግሞ ሰም ይደረብበታል። ማንጻቱና መደረቡ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ገበያው ግን ሁለቱን ሲያደባልቅ መቶ ዓመት ስለኖረ ዛሬም ብዙ ሰው «ፖሊሽ» እና «ዋክስ» ሲል ለአንድ ነገር ነው የሚጠራቸው።

በዚህ ድካም ላይ ትልልቅ ድርጅቶች ተገንብተዋል። ጆርጅ ሳይመንስ በ1910 ቺካጎ ውስጥ የጀመረው ሲሞናይዝ አሜሪካውያንን ቅዳሜያቸውን ሙሉ አጎንብሰው እንዲፈትጉ ያደረገ ጠንካራ የጣሳ ሰም ነበር። በዚያችው ቺካጎ በ1941 ቤንጃሚን ሂርሽ ፕላስቶን ያለውን ፈሳሽ ፖሊሽ በቤቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቀላቅሎ ለገበያ አወጣ። ሂርሽ የቆሙ መኪኖችን አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ወልውሎ ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቅ እንደነበር ይተረካል፤ አንድ ጎን እያብረቀረቀ ሌላው ፈዞ ያየ ባለመኪና ምርጫ የለውም፣ ይገዛል። በኋላ በዊስኮንሲን ቤሎይት አጠገብ ተርትል ክሪክ የተባለ ወንዝ ሲያይ የምርቱን ስም ተርትል ዋክስ አለው። የሂርሽ ፈጠራ ሰሙን ማሻሻል ነው ብዬ አላምንም። ድካሙን ቀነሰው፤ ገበያ ላይ ያሸነፈውም ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀላል የሆነው ሰም በብዛት ይሸጣል፣ አስቸጋሪው ሰም ደግሞ ይቆያል፤ ይህ ክፍፍል ዛሬም ድረስ መደርደሪያው ላይ ይታያል።

በእነዚያ ዓመታት በረዶ የመኪና ቀለም ጠላት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ብዙ ሰው በዊንተር መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ያቆመዋል። የሚነዳውም ጎማው ላይ ሰንሰለት አጥልቆ፣ የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ፣ አሸዋና የከሰል አመድ በተነሰነሰበት መንገድ ነበር የሚሄደው። አሸዋ ቀለም ይጭራል፤ ብረት ግን አይበላም።

ዲትሮይት የተቀመጠችበት ጨው

በ1938 ኒው ሃምፕሻየር ጨው በመንገድ ላይ መሞከር ጀመረች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ሰው ከከተማ ዳር ዳር እየሰፈረ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚነዳ ሆነ፣ አውራ ጎዳናዎች ተዘረጉ፣ ከንቲባዎችም አስፋልቱ በጠዋት ጥቁር ሆኖ እንዲታይ ተጠየቁ። በ1970 ግድም የአገሪቱ ዓመታዊ የመንገድ ጨው ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ደረሰ፤ አሁን በአማካይ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። ጨው ርቆ አልተገኘም። የመኪና ከተማ የሆነችው ዲትሮይት ራሷ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ በተዘረጋ የጨው ማዕድን ላይ ነው የተቀመጠችው። ከላይ መኪና ይገጣጠማል፣ ከሥር መኪናውን የሚበላው ይቆፈራል። ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ «አበዛኸው» ይባል ነበር።

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ጨው ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ውሃው ኤሌክትሪክ በደንብ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ዝገት በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሆነ ይፋጠናል። ሁለተኛ ውሃው ከዜሮ በታችም ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የገበታው ጨው ራሱ የሆነው ሶዲየም ክሎራይድ ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ አልፎ ሲቀዘቅዝ እየሰነፈ ስለሚሄድ ማዘጋጃ ቤቶች ማግኒዚየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምራሉ። እነዚህ ሁለቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፤ መኪናው ደርቋል ስትሉ ሥሩ ገና እርጥብ ነው። ለዚህም ነው ጨው የጠጣ መኪና ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደር የሚያስከፋው። ውጭ ብርድ ላይ ቆሞ ቢያድር የኬሚስትሪው ሥራ ቀዝቅዞ ያድር ነበር።

በዚህ ዘመን የሰም ማስታወቂያዎች ቋንቋቸውን ለወጡ። «ያብረቀርቃል» የሚለው ላይ «ይከላከላል» ተጨመረበት፤ የበረዶ ሥዕል መጣ፣ «የዊንተር ጋሻ» መጣ። ሰሙ ግን ያው ሰም ነበር። እውነቱን ለማየት አንዲት መኪና ብቻ ትበቃለች፦ ጀነራል ሞተርስ በ1970 ያወጣት ሸቭሮሌ ቬጋ። ቬጋ በኦሃዮ ሎርድስታውን ፋብሪካ ስትሠራ አካሏ በሙሉ ፀረ ዝገት ቀለም ውስጥ እየተነከረ በኤሌክትሪክ ይቀባ ነበር፤ ለዘመኑ እጅግ ዘመናዊ የሚባል አሠራር። መኪናዋ ስትነከር ግን ከፊተኛው ፓራፋንጎ አናት ሥር አየር ይታፈናል። አየር ያለበት ቦታ ቀለም አይደርስም። ጎማው የሚረጨው ጨዋማ ጭቃ በትክክል እዚያ ይጠራቀማል። ጥቂት ዊንተር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፓራፋንጎው ከውስጥ ወደ ውጭ ተበሳ፤ ኩባንያውም በራሱ ወጪ ብዙ ሺህ ፓራፋንጎ ለመቀየር ተገደደ። ባለቤቶቹ በየቅዳሜው ከላይ ሰም ቀብተው ቢሆንስ? ምንም አይለውጥም ነበር። ዝገቱ የመጣው ጨርቅ በማይደርስበት በኩል ነው።

እኔን የሚገርመኝ ዝገትን በመጨረሻ ካሸነፉት ነገሮች አንዱ ሰም መሆኑ ነው፤ ማንም ያላስተዋወቀው ሰም። ቀለሙን ወደየጥጉ ይበልጥ የሚያስገባው ካቶዲክ የተባለው የማጥለቅ ዘዴ በ1976 ከቀለም አምራቹ ፒፒጂ መጣ። ፖርሽ በዚያው ዘመን የ911ን ላሜራ ዚንክ ማልበስ ጀመረ። ፎልክስቫገን በ1983 ባወጣው ሁለተኛው ጎልፍ ደግሞ ትኩስ ሰም በመኪናው ባዶ አጥንቶች ውስጥ እንዲፈስ አደረገ፦ በበር ሥር፣ በሻንሲው ክፍተት ውስጥ፣ ሁለት ላሜራ በተጋጠመበት ሁሉ። ያ ሰም ቡናማ ነው፣ ይለጠፋል፣ አያብረቀርቅም። መኪናው እስኪወገድ ድረስ አንድም ሰው ላያየው ይችላል። በዲትሮይት ከርት ዚባርት የሚባል መካኒክ ከ1959 ጀምሮ መኪና እየበሳ ውስጡ ፀረ ዝገት በመርጨት ይተዳደር ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ሥራውን ራሳቸው እስኪይዙት ሃያ ዓመት ወሰደባቸው።

ታዲያ የላዩ ሰም ምን ቀረው?

ከ1980ዎቹ ጀምሮ አብዛኛው አዲስ መኪና ባለቀለሙ ሽፋን ላይ መስተዋት የመሰለ ጥርት ያለ ሽፋን ተደርቦበት ይወጣል። ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የተራ ወረቀት ግማሽ ማለት ነው። ውስጡ የፀሐይን ጨረር የሚያግድ ቅመም አለ። እንደ ዱኮ አይደበዝዝም፣ ጨርቅም አያቀልምም። የሰም ሽፋን ደግሞ ከአንድ ማይክሮን አይዘልም። እሱ ጠጠር ያቆማል፣ ጭረት ይከላከላል የሚለኝን ሰው አላምነውም።

ሰም በዊንተር የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ማድረግ። ጨው የተቀላቀለበት ጭቃ በጥቁር መኪና በር ላይ ደርቆ ያያችሁት ነገር አለ፦ ከታች ወፍራም፣ ወደ መስኮቱ እየሳሳ የሚሄድ ነጭ ልባስ። ሰም ባልተቀባ በር ላይ ውሃ ሲያፈሱበት ልባሱ ይረጥባል እንጂ አይሄድም፤ እጅ ባለው ጨርቅ መፈተግ ግድ ይሆናል። ያ ልባስ ጨው ብቻ አይደለም፤ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አንድ ጊዜ በተፈተገ ቁጥር ጥርት ያለው ሽፋን ላይ ፀሐይ ሲመታው የሸረሪት ድር የሚመስሉ ጭረቶች ይቀራሉ። በሰም በተያዘ በር ላይ ግን ከልባሱ አብዛኛው በውሃው ግፊት ብቻ ይንሸራተታል። የተረፈውን በስፖንጅ ቀስ አድርጎ ማንሣት ነው። ልዩነቱ ይኼው ነው፤ ሰባት ዲግሪ ከዜሮ በታች ቆሞ መኪና ላጠበ ሰው ግን ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ይህን የተረዱት የመኪና ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የመብራት ኃይል ሰዎችም ናቸው። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በምሰሶ ላይ የሚንጠለጠለው በሸክላ ኢንሱሌተር ነው። ኢንሱሌተሩ ላይ ጨውና አቧራ ከተጠራቀመ በኋላ ሲረጥብ ኤሌክትሪክ ላዩ ላይ ዘልሎ ያመልጣል፤ መስመሩም ይቋረጣል። መፍትሔው ውሃው እንዳይዘረጋ፣ ኳስ ኳስ ሆኖ እንዲንከባለልና ቆሻሻውን ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ዩቲካ ላይ ያለው፣ በ1936 የተመሠረተው ኮሊናይት ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰም ሠራ፤ ዛሬም ቁጥር 845 የሚባለው ፈሳሽ ሰሙ የሚሸጠው «ኢንሱሌተር ዋክስ» በሚል ስም ነው። ዩቲካ ከታላላቆቹ ሐይቆች የሚነሣ በረዶ የሚወርድባት ከተማ ስለሆነች ሰሙ ከምሰሶ ወደ መኪና ለመውረድ ሩቅ አልሄደም። የዚሁ ድርጅት 476ኤስ የተባለ ጠንካራ የጣሳ ሰም በበረዶ አገር ባለመኪኖች ዘንድ ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሣ ነው። ጣሳው ያረጀ ይመስላል፣ ሽታው የማሟሚያ ነው፣ ጭማቂ ሽታ የተጨመረባቸው ዘመናዊ ጠርሙሶች አጠገብ ሲቀመጥ ያሳዝናል። እኔ ግን ለዊንተር ምረጥ ብባል እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደሱ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ንጹሕ ካርናውባ የሚበዛበት ሰም ውበቱ ሌላ ነው፤ በተለይ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ ጥልቀት ያለው፣ ሞቅ ያለ ድምቀት ይሰጣል። ነገር ግን ጨውና የመኪና ማጠቢያ ሳሙና ሲፈራረቁበት ሳምንታት እንጂ ወራት አይዘልቅም። ፖሊመር የሚባሉት ሰው ሠራሽ ማሸጊያዎች ከዚያ በጣም ይቆያሉ፤ ድምቀታቸው ግን ቀዝቀዝ ያለ፣ የመስተዋት ዓይነት ነው። ከጠንካሮቹ የጣሳ ሰሞች ብዙዎቹ የሁለቱ ድብልቅ ስለሆኑ ከኅዳር እስከ መጋቢት በአንድ ቅብ የማለፍ ዕድላቸው ጥሩ ነው። በኦሳካ የሚገኘው የጃፓኑ ሶፍት 99 ፉሶ ኮት፣ የካሊፎርኒያው ፊኒሽ ኬር ኤፍኬ1000ፒ በቆይታቸው ከነሱ ጋር ይመደባሉ። ከነዚህ መካከል በድምቀት ማበላለጥ የሚቻለው የጥቅምት ፀሐይ እያለ ነው። ጥር ላይ፣ ከሳምንት በላይ ያልታጠበ መኪና ላይ፣ የማንም ድምቀት አይታይም። ስለዚህ ለዊንተር የምትገዙት ሰም ላይ ለድምቀት ብላችሁ ቆይታ አትሽጡ።

ሴራሚክ የሚባለው ሲሊካ ያለበት ሽፋን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ በወጉ ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል። ዋጋው ግን የሰሙን ብዙ እጥፍ ነው፣ ሥራውም ከመቀባቱ በፊት ባለው ዝግጅት ላይ ስለሚመሠረት ለባለሙያ ይተዋል። ለአሥር ዓመት መኪና አልመክረውም። ቴፍሎን አለበት የሚባለውን ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። ቴፍሎን ከድስት ጋር የሚያያዘው ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተጋግሮ ነው። ላቫጆ ውስጥ በጨርቅ ታሽቶ መኪና ላይ የሚጋገርበት መንገድ የለም።

አቀባቡ

ጊዜው ጥቅምትና የኅዳር መጀመሪያ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሰሙ ይደነድናል፣ በደንብም አይይዝም። መኪናው ይታጠባል፣ አሮጌው ሰምና ቅባት ይነሣል፣ በደንብ ይደርቃል። ሰሙ በትንሽ ስፖንጅ የሚወሰደው ጣት እንደማስነካት ያህል ነው። እዚህ ላይ የመርካቶ ሊስትሮ ከማንም በላይ አስተማሪ ነው፤ የሚጠቀመው የጫማ ቀለም ራሱ ብዙ ጊዜ ካርናውባ አለበት፣ እሱም ጫማ የሚያበራው ቀለም በማብዛት አይደለም፣ በስሱ እየነካ ደጋግሞ በመጥረግ ነው። 476ኤስን ወፍራም አድርጎ መላ መኪናውን ቀብቶ ሻይ ለመጠጣት የገባ ሰው ሲመለስ ክርኑ እስኪዝል ይፈትጋል። አንድ በር መቀባት፣ ጭጋግ ሲያወጣ በማይክሮፋይበር መጥረግ፣ ወደ ቀጣዩ በር መሄድ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ቅብ ይደገማል፤ ሁለተኛው ውፍረት ለመጨመር ሳይሆን መጀመሪያ የተዘለለውን ለመሸፈን ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው የበሩን የታችኛውን ጠርዝ፣ የፓራፋንጎውን ከንፈርና የኋላ ሻንጣውን ታች ነው። ጨው የሚያርፈው ደግሞ እዚያ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ገንዘብ ከሥር ይውጣ። ከበግ ጸጉር ከሚወጣ ቅባት፣ ማለትም ከላኖሊን፣ የሚሠሩ እርጭቶች አሉ። የማይደርቁ ስለሆኑ መጋጠሚያ ውስጥ እየሰረጉ ይገባሉ፣ በየዓመቱም ይደገማሉ። ጠንካራና ጥቁር ሆኖ እንደ አስፋልት የሚደርቀውን የሥር ቀለም ግን እፈራዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ውሃውን ከነጨው ይዞ ያስቀምጠዋል፣ ዝገቱም ሳይታይ ይሠራል።

ማሽን ያለበት ላቫጆም የራሱ ጣጣ አለው። ብሩሽ የሌላቸው ማጠቢያዎች ቆሻሻውን የሚያነሡት በኬሚካል ኃይል ስለሆነ ሰሙንም ቀስ በቀስ ይዘውት ይሄዳሉ። እንዲያም ሆኖ በጥር ወር የሥር እጥበት ያለውን ማሽን ከሰም ይልቅ እመርጣለሁ። ሰሙ ቢያልቅ በጸደይ ይቀባል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ በረዶ ገና በዜና ሲነገር አስፋልቱ ላይ ትይዩ ነጭ መስመሮች ይታያሉ። ያ አስቀድሞ የሚረጭ የጨው ውሃ ነው። ደረቅ ጨው ከመንገድ ላይ እየተፈናጠረ ብዙው ይባክናል፤ የጨው ውሃው ግን አስፋልቱ ላይ ይይዛል። ለመንገድ ቁጠባ ነው፣ ለመኪና ግን ይበልጥ ቀጭን ቦታ የሚገባ ፈሳሽ ነው። በቀን አሥር ሰዓት የሚነዳ መኪና ከጎረቤቱ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ሰም አይበቃውም። በዱባይና በሪያድ ላሉት ደግሞ ይህ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ሥሩ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል፣ የሚሰቃየው ኮፈንና ጣሪያ ነው፤ የንብ ሰም የበዛበት ቅባት እዚያ ፀሐይ ላይ መግዛት ገንዘብ ማቅለጥ ነው።

በሚኒሶታ አዲስ ነገር ገብቷል። ከጥር 2025 ጀምሮ የግዛቲቱ ሕግ ፒፋስ የሚባሉትን የማይበሰብሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ሆን ተብለው የተጨመሩባቸውን በርካታ የቤት ምርቶች ከሽያጭ አግዷል። የጽዳት ምርቶች ውስጥ የመኪና መንከባከቢያዎች ተጠቅሰዋል፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሰምም አብሮ ታግዷል። ቴፍሎንም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ያሉ ሰዎች ከሌላ ግዛት ወይም በፖስታ የሚያስመጡትን ጣሳ ጀርባ ማንበብ ይኖርባቸዋል፤ ለዓመት ይቆያል የሚባለው ጠርሙስ የሚቆየው በምን ኃይል እንደሆነ ካልተጻፈ መጠየቅ ነው። የግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ስለ ጨው የሚደጋግመው ልኬት አለ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች በዚህ ምክንያት የሚበትኑትን መጠን እየቀነሱ ነው። ጨው በቀነሰበት ሠፈር ደግሞ አሸዋው ይመለሳል፤ ያኔ ከዝገት ይልቅ ጭረት ያሳስባል፣ ሰሙም ከማጠቢያው ስፖንጅ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።